ያልታየውን ጉዳት ላሳየችልን ጠበቃችን

ይህን ጽሁፍ ከጀመርኩት ሳምንት አልፎኛል። በተቀመጥኩ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኝና ትቼው እነሳለሁ። ዛሬ ግን ልጨርሰው ነው፤ ጉዳያችን ባለፈው ወር ተዘግቷል፣ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ግፍ መስሎ ታየኝ።

ባለቤቴ ሥራ ላይ እያለ ጭንቅላቱን ከተመታ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የሚሠራው መጋዘን ውስጥ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ ከባድ ካርቶን ወረደበት። ራሱን ስቶ ወድቆ እንደነበር ባልደረቦቹ ናቸው የነገሩኝ፤ እሱ እስከ ዛሬ አያስታውሰውም። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ "ምንም የለውም" ተባለ። ግንባሩ ተሰፍቶ ማታውኑ ቤቱ ገባ። እኔም ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ግን የማውቀው ሰው ጠፋብኝ። መጋረጃ ስከፍት ዓይኑን በክንዱ ይሸፍናል። ልጆቹ ሲጫወቱ ጆሮውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ይሸሻል። በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ሰው በትንሽ ነገር ይጮኻል፣ ቀጥሎ ደግሞ ያለቅሳል። ሽታ ጠፋበት፤ ካውያ ጨርቅ ሲያቃጥል አጠገቡ ቆሞ አላወቀም። አንድ ቀን "ልጁን ማን ነው የሚያመጣው?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ፊቴን አየና ገባው። ምንም ሳይል አንገቱን ደፋ። ያቺን ደቂቃ መቼም አልረሳትም።

ሥራ ተመለስ ተባለ፣ ተመለሰ። ዕቃ ሲቆጥር ይጠፋበታል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት አልቆየም። ካሳ ስንጠይቅ የመድን ድርጅቱ መልስ አጭር ነበር፦ ስካኑ ንጹህ ነው፣ ቁስሉ ድኗል፣ ሥራ መሥራት ይችላል። "ያስመስላል" ያለም አልጠፋም። እግሩ ቢሰበር ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልኖረ ነበር። የአንጎል ጉዳት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሰውዬው ቆሞ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ስለዚህ ደህና ይመስላል።

ጠበቃችን ጋ የደረስነው በሰው በሰው ነው። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ ፈቃዷን አከብራለሁ። ቢሮዋ ገብተን ገና ሳንቀመጥ ባለቤቴን አየት አደረገችና የኮርኒሱን መብራት አጠፋች። "ብርሃኑ የሚረብሽዎ መሰለኝ" አለችው። ከአደጋው ወዲህ ሳይነገራት ችግሩ የገባት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተደግፎ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችን። ሲቲ ስካን የሚይዘው የደም መፍሰስን፣ የአጥንት ስብራትን፣ ትልልቅ ጉዳትን ነው። አንጎል ሲናወጥ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ቢጎዱ ብዙ ጊዜ አይታይበትም። ኤምአርአይም ቢሆን ሊያልፈው ይችላል። "ስካኑ ንጹህ ነው ማለት አንጎሉ አልተጎዳም ማለት አይደለም" አለችን።

አንድ ቃልም ነበረች ሲያስጨንቀን የከረመች፦ "ቀላል"። የባለቤቴ የሕክምና ወረቀት "ቀላል የጭንቅላት ጉዳት" ይላል፣ የመድን ድርጅቱም ይህችን ቃል ይዞ ነው የሚሟገተን። ሐኪሞች የተጎዳ ሰው ምን ያህል እንደነቃ ዓይኑን፣ ንግግሩንና እንቅስቃሴውን አይተው ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣሉ። የግላስጎው መለኪያ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ ሰው "ቀላል" የሚለው ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ 14 ነበር። ጠበቃችን እንዳስረዳችን ግን ነጥቡ የሚናገረው ሰውዬው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የነበረበትን ሁኔታ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቆጥሮ መጨረስ ያቅተው እንደሆነ አይናገርም። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ የማይለቀውም አለ።

ከዚያ ደብተር አስገዛችኝ። ደብተሩ ነው ጉዳዩን ያዞረው ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን ብቻ እንድጽፍ ነገረችኝ። "ክፉ ቀን ነበር" የሚል ነገር አትጻፊ፣ የሆነውን ጻፊ አለችኝ። የበር ቁልፍ ስንት ጊዜ ጠፋ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ደቂቃ አንብቦ ራሱን አመመው። "ጥሩ የዋለበትንም ቀን ጻፊ። ጥሩ ቀን የሌለበትን ደብተር ማንም አያምነውም።" እኔ እንኳ ጥሩ ቀኑን መጻፍ ይጎዳናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን ገልጬ ሳየው እንዲህ ይላል፦ "ማክሰኞ። ጠዋት ደህና ነበር፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረሰ። 8 ሰዓት ላይ የመብራት ክፍያ ሊከፍል ወጣ። ሳይከፍል ተመለሰ። ሰልፉ ላይ ቆሞ ለምን እንደመጣ ጠፋበት።"

የድንገተኛ ክፍሉን ካርድ እኛ እልፍ ጊዜ አይተነዋል። እሷ ግን እያንዳንዱን መስመር አነበበችው። ከታች በነርስ የእጅ ጽሁፍ "ቀኑን ሲጠየቅ አላወቀም" የሚል አገኘች። ሌላም ነገር አወጣች። ባለቤቴ አደጋውን ለአለቃው የተናገረው በቃል ብቻ ስለነበር በጽሁፍ የያዝነው አንድም ማስታወቂያ አልነበረንም። በዚያ ቀን ባልደረባው የላከልኝን መልእክት ከስልኬ ቆፍራ አስወጣችኝ፦ "እህቴ አትደንግጪ፣ ካርቶን ወድቆበት ራሱን ስቶ ነበር፣ አሁን ነቅቷል።" ቀንና ሰዓቱ አብሮ አለ። ያ ልጅ በኋላም ሳይፈራ የምስክርነት ቃሉን ሰጠ። ሥራውን እያሰበ እንኳ አላመነታም። እሱንም እዚሁ አመሰግነዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ።

ባለቤቴ ከሁሉም የሚፈራው ነገር ነበረው፤ ለእኔም ደብቆኝ ቆይቷል። አደጋው በደረሰባት ሰዓት የራስ መከላከያ ቆቡን አውልቆ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን ካሳ እጠይቃለሁ እያለ ውስጡን ሲበላው ከርሟል። ጠበቃችን ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። የሠራተኛ ካሳ ሕግ መነሻው ጥፋት መፈለግ እንዳልሆነ ነገረችው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመን ውስጥ የአደጋ መድን ሲታወጅ ጀምሮ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጉዳቱ በሥራ ምክንያት ከደረሰ ካሳው ይከፈላል፣ ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ወይም ሰክሮ የተጎዳ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። በምትኩ ግን ሠራተኛው በአብዛኛው አሠሪውን በተጨማሪ መክሰስ አይችልም። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። መደርደሪያውን የገጠመው ሌላ ድርጅት መሆን አለመሆኑንም አጣርታለች፤ ሦስተኛ ወገን ጥፋት ካለበት ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል ነው።

"ያስመስላል" ለሚለው መልሱን ያገኘነው ከኒውሮሳይኮሎጂስቷ ነው፤ የአንጎል ጉዳት በትውስታና በአስተሳሰብ ላይ ያደረሰውን በፈተና የምትለካ ባለሙያ ናት። ወደ እሷ የላከችን ጠበቃችን ናት። ምርመራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ባለቤቴ ስለሚደክመው በሁለት ጠዋት ተከፈለለት። ትውስታ፣ ትኩረት፣ የማሰብ ፍጥነት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ሁሉም በየራሱ ይለካል። ሰውዬው የእውነቱን እየሞከረ መሆኑን የሚፈትሹ መለኪያዎችም ውስጡ አሉ። ባለቤቴ እነዚያን አለፈ። ትኩረቱና ፍጥነቱ ግን በዕድሜውና በትምህርቱ ከሚጠበቀው በታች ወጣ፤ ከደብተሬ ጋርም ገጠመ። ሪፖርቱ ሲነበብለት ባለቤቴ አለቀሰ። "አላበድኩም ማለት ነው" አለኝ መኪና ውስጥ።

መሀል ላይ ገንዘብ ጠፍቶ፣ ዕዳ በዝቶ ሳለ የመድን ድርጅቱ አንድ ጊዜ ከፍሎ ፋይሉን ለመዝጋት ጠየቀን። እኔ ልፈርም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጠበቃችን ግን አላስገደደችንም፣ ቁጭ አድርጋ አስቆጠረችን። ሕመሙ የት ላይ እንደሚቆም ገና አልታወቀም። ፈርመን ብንዘጋው የሚቀጥለው ዓመት ሕክምና በኛ ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሁኔታው ረግቷል እስኪሉ ጠበቅን። የማናገኘውንም አልደበቀችንም፤ በብዙ ቦታ የሠራተኛ ካሳ የሚከፍለው ለሕክምና፣ ለቀረ ደመወዝና ለዘላቂ ጉዳት እንጂ ለሐዘናችን እንዳልሆነ ቀድማ ነግራናለች። የራሷንም ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን በጽሁፍ አሳይታናለች። በመጨረሻ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት መሆኑ ታመነ፣ ሕክምናውም እንዲቀጥል ተወሰነ።

አንድ ቀን ባለቤቴ "እኔ እኮ እኔ አይደለሁም" ሲላት ስለ ፊኒያስ ጌጅ አወራችው። አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ሥራ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ከአንድ ሜትር የሚረዝም ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ፤ ግን ጠባዩ ስለተለወጠ ወዳጆቹ የድሮው ሰው አይደለም አሉ፣ አሠሪዎቹም ወደ ቦታው አልመለሱትም። በኋላ ግን ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል። ባለቤቴ ይህችን የመጨረሻዋን ነው የያዘው። ሰው ሲጠይቀው "ሠረገላውን ነድቷል" ይላል።

ቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር ከገባ፣ እባካችሁ አደጋውን ዛሬውኑ በጽሁፍ አሳውቁ። የማሳወቂያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ለሐኪሙ ራስ መሳቱን፣ ግራ መጋባቱን፣ ማስታወክ ካለም እሱን ንገሩትና መጻፉን አረጋግጡ። ራስ ምታቱ እየባሰ ወይም እንቅልፉ እየከበደ ከሄደ ቶሎ ተመለሱ፤ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ጠበቃ ስትመርጡም የአንጎል ጉዳት ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

እሷን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቀን ቀን ከባለቤቴ ጋር ሕክምና ስለምውል የምመልሰው ማታ ነው።