«የታክስ ምህረት አስወጣላችኋለሁ» ለሚል ሰው ብር እንዳትሰጡ

ድሬ ውስጥ ውዝፍ ግብር ያለባችሁ ነጋዴዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ከኪሳችሁ ሳንቲም እንዳታወጡ። ሰሞኑን ራሳቸውን «አማካሪ» የሚሉ ሰዎች ከከዚራ ሰፈር እስከ ታይዋን ገበያ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ነው። ወሬያቸው አንድ ነው፤ «አዲስ ምህረት ወጥቷል፣ ውስጥ ሰው አለን። የዕዳህን 15 በመቶ ለኛ ስጠን፤ ቅጣቱም ወለዱም ዋናው ግብርም ተሰርዞ ክሊራንስህን (ከግብር ዕዳ ነጻ ነህ የሚለውን ወረቀት) ይዘን እንመጣለን።» ቀኑ ደግሞ ሁሌም የሚያልቀው አርብ ነው።

ሰዓት አመራረጣቸው ራሱ ይገርማል። ጠዋት አይመጡም። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ባለሱቁ በርጫው ላይ አረፍ ሲል ነው ከች የሚሉት። አቦ፣ በዚያ ሰዓት ማን ተነስቶ ገቢዎች ሄዶ ያጣራል?

ታይዋን ጫማ የሚሸጥ ጎረቤቴ የተሰጠውን ደብዳቤ አሳይቶኛል። ከሩቅ ሲያዩት የመንግሥት ወረቀት ነው። አርማ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። ጠጋ ሲሉ ግን የደብዳቤ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የማኅተሙ ጽሑፍ ግማሹ አይነበብም፤ ተቀድቶ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ እዚያ ላይ የተጻፈው 9 ብቻ ነው። ብሩ ገቢ የሚደረግበት ሒሳብ ደግሞ የግለሰብ። ጎረቤቴ ሞኝ አይደለም። የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ያለ ክሊራንስ ደግሞ አይታደስም። ቀኑ ሲያጥርበት ከፈለ። አሁን ስልካቸው አይነሳም፤ ዕዳው እንዳለ ነው።

ሰው የሚያምናቸው ምህረት የሚባል ነገር ከዚህ በፊት ስለነበረ ነው። በኮሮና ጊዜ፣ ሚያዝያ 2012፣ መንግሥት እስከ 2007 ድረስ የነበረውን የታክስ ዕዳ ሰርዟል። ከ2008 እስከ 2011 ላለው ደግሞ ወለድና ቅጣቱን አንስቷል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ያ በአደባባይ የተነገረ ውሳኔ ነው። በቴሌቪዥንም በሬዲዮም ሰምተነዋል። በካፌ ጥግ በሹክሹክታ የሚሸጥ ምህረት ግን የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አዋጅ 983/2008 እንደሚለው፣ ግብርህን በጊዜው ካላሳወቅህ ባልተከፈለው ላይ በየወሩ 5 በመቶ ይጣልብሃል፤ ጣሪያው 25 በመቶ ነው። ዘግይተህ ለመክፈልህ ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል። 80 ሺህ ብር ግብር ሳያሳውቅና ሳይከፍል 6 ወር የቆየ ሰው በመጀመሪያው 20 ሺህ፣ በሁለተኛው 12 ሺህ ይቀጣል። ወለዱ ለብቻው ነው፤ እሱም ከባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ጨምሮ የሚሰላ ነው። እንግዲህ ወለዱን ትተን፣ «አማካሪው» ከግብሩና ከሁለቱ ቅጣቶች ድምር ከ112 ሺህ ብር 15 በመቶውን ሲወስድ 17 ሺህ ብር ገደማ ነው። ይቺ ብር ዋናው ግብር ላይ ብትገባ ኖሮ የሚቀጣውና የሚወለደው ገንዘብ ወዲያው ያንስ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደላላው ከሚሸጥላችሁ ነገር ግማሹን ሕጉ ራሱ ይሰጣችኋል። አስተዳደራዊ ቅጣት በሙሉም ሆነ በከፊል እንዲነሳ በመመሪያው መሠረት በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። በአንዴ መክፈል ያቃተው ሰው ጊዜ እንዲራዘምለት ወይ በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል። አንዱን ክፍያ ካሳለፋችሁ ግን ቀሪው ዕዳ በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል፤ ስለዚህ የማትችሉትን መጠን አትፈርሙ። ውሳኔው ትክክል አይደለም የሚል ደግሞ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ያስገባ። ደላላ «ተወው እኔ እጨርሰዋለሁ» እያለ የሚያስበላችሁ እነዚህን 21 ቀናት ነው። ካለፉ በኋላ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ብር የምትከፍሉት ገቢዎች በሰጣችሁ የክፍያ ትዕዛዝ፣ በባንክ ወይ በቴሌብር ብቻ ነው። ደረሰኙን አስቀምጡ። ክሊራንስ አመጣሁ ያለ ሰው ካለም ወረቀቱን ይዛችሁ ራሳችሁ መስኮት ላይ አስመርምሩ፤ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቀው ያቀረበው ሰው ነው፣ እሱም እናንተ ናችሁ።

የሐረር ሰዎች፣ እናንተ ደግሞ ክልላችሁ የራሱ የታክስ ሕግና የራሱ ገቢዎች አለው። አንዱ ፈረስ መጋላ ላይ የድሬዳዋ ወረቀት ዘርግቶ ቢያሳያችሁ እዚያው ተዉት።

ብር የሰጣችሁ ካላችሁ ደግሞ አታፍሩ። ያስገባችሁበትን የባንክ ወረቀት፣ የቴሌግራም መልእክቱንና ስልክ ቁጥሩን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። በዚያው ሳምንት የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻችሁንም አስገቡ፤ ፖሊስ ሰውየውን እስኪያገኝ ወለዱ አይቆምም።