የፊያት ስፖርት ሞተሬን አውጥተው የላዳ ሞተር ገጠሙበት፤ አሮጌ መኪና ለጥገና የምታስገቡ ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ሆነ ሌላ የጎጃም ከተማ ውስጥ ከወላጅ የወረሳችሁት ወይም በብዙ ድካም ያገኛችሁት አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ በዚያው ጋራዥ ሌላ ሰው መኪናውን አስገብቶ እኔ የደረሰብኝ ይደርስበታል ብዬ እሰጋለሁ። የጋራዡን ስም በአደባባይ የማልጠራው አቤቱታዬ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

መኪናው ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ነው። አባቴ በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲሱን ገዝቶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደብረ ማርቆስ አስገባው፤ እስኪያርፍም ድረስ ከእጁ አልወጣም። ስለ መኪናው ጥቂት ማለት የሚኖርብኝ የተወሰደብኝ ነገር ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው። ተራው ፊያት 124 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ወጥቶ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተመረጠ፣ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ነው። ስፖርቱ ከእርሱ ስሙንና መሠረቱን ይጋራ እንጂ ሞተሩ ሌላ ነው፤ ቀደም ሲል በፌራሪ ቤት ሞተር ይነድፍ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የሠራው፣ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) አናት ላይ ሁለት ካም (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው፣ ካሞቹንም በሰንሰለት ፋንታ ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጊያ (ቀበቶ) የሚያዞር ሞተር ነው። የእኛው 1608 ሲሲ ሆኖ 110 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዌበር የተባሉ ሁለት ካርቡራተሮች (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅሉ) የተገጠሙለት፣ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ባለ አምስት ማርሽ ነበር። አራቱም ጎማዎች ላይ የዲስክ ፍሬን አለው፤ በዚያ ዘመን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ስምምነታችን ግልጽ ነበር። መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ስለነበር የነዳጅ ታንከሩ ዝጓል፣ የፍሬን ካሊፐሮቹ ተጣብቀዋል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚደፍነው ስስ ሽፋን) ውሃ ያሳልፋል፣ የካሙ ቺንጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሞተሩ ራሱ ግን ጤነኛ ነበር። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መኪናው በገባበት ዕለት የጋራዡ ባለቤት ራሱ ካንዴላዎቹን አውጥቶ፣ ሞተሩን በቁልፍ አዙሮ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ገና ጎረምሳ ነው፤ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ልጅዎም ይነዳዋል» ብሎ አረጋግጦልኛል። የዚህ መኪና ጓርኒሲዮንና ቺንጊያ ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ይገኛል፤ ጣልያን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ገዝታ ላከችልኝና በእጄ ወስጄ አስረከብኩት። ለእጅ ዋጋ፣ ለላሜራ፣ ለፍሬንና ለሌላውም ዕቃ በየጊዜው የሰጠሁት ገንዘብ ከሁለት መቶ ሺህ ብር በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ሲደወል የማይነሣ ስልክ፣ ሲነሣም «ሰኞ ጠዋት ያልቃል»፣ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ባለሙያው ለልቅሶ ገጠር ወረደ፣ ዕቃው ሶማሌ ተራ ተገኝቷልና ትንሽ ብር ይላኩ። ይህንን ሁሉ ቻልኩት፤ የሥራው ጠባይ ነው ብዬ ታገሥኩ።

በመጨረሻ «ተሠርቶ አልቋል፣ መጥተው ይውሰዱ» ተብዬ ባሕር ዳር ገባሁ። መኪናው ታጥቦና ተወልውሎ ግቢው መካከል ቆሟል። ባለቤቱ ቀሪው ክፍያ ካልተጠናቀቀ ቁልፍ መስጠት እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ፤ ከፈልኩ። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝም ሰጠኝ፤ በላዩ ላይ «የፊያት ስፖርት ሙሉ የሞተር እድሳት» ይላል። ይህን ሐረግ ልብ በሉልኝ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ድምፁ ግን የማውቀው ድምፅ አልነበረም። በልጅነቴ አባቴ ከገበያ ሲመለስ ገና ከታችኛው መንገድ የምንለየው፣ ሁለቱ ካርቡራተሮች አየር ሲስቡ የሚያሰሙት ጥልቅ ድምፅ ጠፍቶ፣ በምትኩ ደረቅ የሰንሰለት ማንቀጫቀጭ ሰማሁ። ከእድሳት በኋላ ሊሆን ይችላል ብዬ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ አመራሁ። መንገዱ ክፍት ነበርና አራተኛ ማርሽ ላይ ከደረስኩ በኋላ እጄ እንደ ልማዱ ዘንጉን ወደ ቀኝና ወደ ፊት ገፋው። አልገባም። ደግሜ ገፋሁት፤ ግድግዳ የገፋሁ ያህል ነበር። የማርሹ ጉብ ላይ የተቀረጸው 5 ቁጥር አሁንም አለ፤ ከሥሩ ግን አምስተኛ ማርሽ የለም።

ድልድዩን ተሻግሬ ዳር ያዝኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁለቱ የአሉሚኒየም የካም ክዳኖች ጎን ለጎን የሚታዩበት ቦታ ላይ አንድ ጠባብ ክዳን ተቀምጧል። ክዳኑ በብርማ ስፕሬ ተቀብቷል፤ የቀቡት ሰዎች ሸፍነው መቀባት እንኳ ስላልፈለጉ ቀለሙ በውሃ ቱቦዎቹና በባትሪው ገመድ ላይ ሁሉ ተረጭቷል። ሁለቱ ዌበሮች የሉም፤ አንዲት ካርቡራተር ናት ያለችው። ጎንበስ ብዬ ብሎኩ ላይ የተመታውን በጨርቅ ጠርጌ አነበብኩ፤ 2101 ይላል። ይህ የላዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከእርጅና ብዛት ከሥራ ከወጡት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች የአንዷን ሞተርና ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አውጥተው የአባቴ መኪና ውስጥ አስቀምጠውታል። እግሬ አልጸና ብሎኝ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ጋራዡ ስመለስ ባለቤቱ ስልክ ላይ ነበር፤ እያየኝ ወሬውን አላቋረጠም። ጨርሶ ሲመጣ ኮፈኑን ከፍቼ አሳየሁትና ሞተሬ የት እንዳለ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ «ጋሼ፣ መኪና ማለት መሄድ ነው። ሄደልዎት የለም እንዴ? ላዳ እኮ ያው ፊያት ነው።» ሁለት ወጣት ሠራተኞች ከበስተጀርባው ቆመው ፊታቸውን አዙረው ይስቁ ነበር። የድሮው ሞተር የት ነው ብዬ ስደግም «ለቆራሌ ተሸጠ፤ ብረት ነው» አለኝ። ብረት ከሆነ ለምን ሳትነግሩኝ ሸጣችሁት፣ ገና ጎረምሳ ነው ያልከኝስ አንተው አይደለህም ወይ ስለው አንቱታው ወዲያው ቀረ። «አንተ ሰውዬ፣ ሠርተን በሰጠንህ! ከፈለግህ ክሰስ» ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።

ዓይኔ ወደ መስኮቱ ደፍ የሄደው ያን ጊዜ ነው። የእህቴ ልጅ ከጣልያን የላከችው ቺንጊያ ማሸጊያው ሳይቀደድ አቧራ ለብሶ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ተቀምጧል። የላዳው ሞተር ካሙን የሚያዞረው በሰንሰለት ስለሆነ ቺንጊያው አላስፈለጋቸውም። እንግዲህ ሞተሩን ከጅምሩም ሊጠግኑት አላሰቡም ማለት ነው። ሞተሬ ግቢያቸው ውስጥ በሌለበት ጊዜ ሁሉ «ሰኞ ያልቃል» ይሉኝ ነበር። ማሸጊያውን አንሥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ እርሱንም «ዕቃችንን አስቀምጥ» ብለው ሊቀሙኝ ሞከሩ።

«ላዳ ያው ፊያት ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ሊያሳስት ስለሚችል መልስ ልስጥበት። ሶቪየት ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ በቶሊያቲ ከተማ ባቆመችው ፋብሪካ ከ1970 ጀምሮ ላዳን ያመረተችው በተራው ፊያት 124 ንድፍ ላይ ተመሥርታ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለአገሩ ብርድና ለመንገዱ ሲባል ላሜራው ወፍሯል፣ የኋላው የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተተክቷል፣ ሞተሩም በሰንሰለት የሚዞር አንድ ካም ያለው ሌላ ሞተር ሆኗል። የመጀመሪያው የላዳ ሞተር 1198 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም 60 ፈረስ አካባቢ ነው። ላዳን አልንቅም፤ ስንት ቤተሰብ ያሳደገ ጠንካራ መኪና ነው። ይሁንና 110 የፈረስ ጉልበት ወስዶ ከግማሹ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መመለስ፣ ያውም አሮጌውን ከወደቀ ታክሲ አንሥቶ፣ እድሳት አይባልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ባለ ካርቡራተር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከዚህ ተቀንሶ የሚቀረው ይህን መኪና ከዓባይ አቀበት እንዴት እንደሚያወጣው እነርሱ ይንገሩኝ። ሐቁን ለመናገር የፍሬኑና የላሜራው ሥራ መልካም ነው፤ ያንን የሠራው ሽማግሌ ባለሙያ እጁ ይባረክ። ወሬውን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ወጣ እንጂ ከእነርሱ ጋር አልሳቀም።

ከገንዘቡም ከጉልበቱም በላይ እንቅልፍ የነሣኝ የሊብሬው ጉዳይ ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ሁለቱም ከመኪናው ጋር ይመሳከራሉ፤ ካልገጠሙ ቦሎ ማግኘት ቀርቶ በተሰረቀ ዕቃ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የሞተር ለውጥ ለማስመዝገብ ደግሞ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ስለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል። የዚያችን ላዳ ሞተር ማስረጃ ስጠይቃቸው «እሱን አንተ ጨርሰው» አሉኝ። የማን እንደነበረች፣ ከማን እንደተገዛች አንድ ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በላይ በአባቴ ስም በንጽሕና የኖረ ሰነድ ዛሬ ከመኪናው ጋር አይገጥምም፤ መኪናውም ወደ መንገድ ይመለሳል ሲባል ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀርቷል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚያው አዋጅ ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት አለው። አዋጁን አውጥቼ ያነበብኩት ከዚህ ነገር በኋላ ነው፤ ሳነበውም የእነዚያ ልጆች ሣቅ ጆሮዬ ላይ ነበር። የአባቱን መኪና ሊያድን የመጣን ሰው፣ ያውም ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ፣ እንዲያ አድርጎ ማዋረድ ምን ይጠቅማቸዋል? «ሙሉ የሞተር እድሳት» የሚለውን ደረሰኝ፣ የሊብሬውን ቅጅ፣ የብሎኩን ፎቶግራፍና ያልተከፈተውን ቺንጊያ ይዤ ለፖሊስም ለንግድ ጽሕፈት ቤቱም አመልክቻለሁ።

መኪናችሁን ስታስገቡ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የካርቡራተሮቹን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ፣ ጋራዡ በፈረመበት ወረቀት ላይ አስጽፉ። የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ እንዲመለስ በውሉ ይስፈር። ኮፈን ሳትከፍቱ፣ ቁጥርም ከሊብሬ ጋር ሳታመሳክሩ የመጨረሻውን ብር አትስጡ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያ ሞተር ለቆራሌ ተሸጠ መባሉን አላምንም፤ ሁለቱ ዌበሮች ብቻ እንኳ ዛሬም በየአገሩ ፈላጊ አላቸው። በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ 1608 ሲሲ ባለ ሁለት ካም የፊያት ሞተር ለሽያጭ የቀረበለት ሰው ቢኖር፣ የዘይት ኮፓውን ከሥር ይመልከትልኝ፤ በግራ በኩል የጣት ርዝመት ያለው የብየዳ መስመር ካለበት የእኔ ነው። ከመግዛቱ በፊት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሬ ወዲያው እመልሳለሁ።