«ሐይቅና ተራራ በእግር» እያሉ የሚሸጡትን ጥቅል ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት

ጀርመን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ሳትከፍሉ አንብቡልኝ። በተለይ ከአገር ቤት እናት አባት መጥተውባችሁ «የት ወስጄ ላሳያቸው?» እያላችሁ የምታስቡ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በአማርኛ የሚተዋወቅ አንድ ጉዞ አለ። «የኦስትሪያ ሐይቆችና ተራሮች፤ የእግር ጉዞና ባህል፤ ሁሉንም ያካተተ» ይላል። እኛም ገዝተን ሄደንበታል። የሻጩን ስም እዚህ አልጠራም፤ ገንዘባችን እንዲመለስ ገና በደብዳቤ እየተጠያየቅን ነው። አሸጣጡን ግን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ነገ ስሙን ቀይሮ ቢመጣ እንኳ ታውቁታላችሁ።

ቦታው ዛልትስካመርጉት ይባላል፤ ከዛልትስቡርግ ብዙም የማይርቅ የሐይቅና የተራራ አገር። ሐልሽታትን በፎቶ ሁላችሁም አይታችኋታል። ሐይቅ ዳር የተደረደሩ የእንጨት ቤቶች፣ ሹል የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ከኋላ ቀጥ ያለ ገደል። ዩኔስኮ አካባቢውን በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለቦታው እንከን አይወጣለትም። ጥፋቱ የሻጩ ነው።

መጀመሪያ ሆቴሉ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የሐልሽታት ነው፤ ጽሑፉ ግን «ሐልሽታት አካባቢ» ይላል። እኛን ያሳረፉን ከሐይቁ ራቅ ያለ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ሐይቅ የሚባል ነገር ከመስኮት አይታይም። «አካባቢ» የሚል ቃል ካያችሁ የሆቴሉን ስም በጽሑፍ ጠይቁና ካርታ ላይ ራሳችሁ ፈልጉት። ሌላም አለ። የሐልሽታት ባቡር ጣቢያ ያለው ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ነው። ከባቡር ወርዳችሁ በጀልባ ነው የምትሻገሩት፤ ጀልባው ደግሞ አያመሽም። «ከባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን ከየትኛው ዳርቻ እንደሚቆጥር ጠይቁት።

ከዚያ አውቶቡሱ። ሐልሽታት ከ800 የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት፤ በሰመር በአንድ ቀን እስከ 10,000 ጎብኚ ይፈስባታል። ነዋሪዎቹ በነሐሴ 2023 መንገድ ላይ ወጥተው ተቃውመዋል። አስጎብኚ አውቶቡስ አስቀድሞ ሰዓት ካላስያዘ ወደ መንደሯ አይገባም። የኛ ሰዎች ሰዓት አላስያዙም። ግማሽ ቀናችን በዚህ ሄደ። ሻጩ ሲጠየቅ «የኦስትሪያ ፖሊስ አስቸገረን» አለ። ፖሊስ አላስቸገረንም። ደንቡ ከ2020 ጀምሮ ያለ ነው፤ እዚያ ሰው የሚያጓጉዝ ሁሉ ያውቀዋል።

«ሁሉንም ያካተተ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ያናድዳል። በፕሮግራሙ ላይ የሐልሽታት የጨው ማዕድን አለ፣ ባድ ኢሽል የሚገኘው የንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ቪላ አለ፣ ከ1893 ጀምሮ የሚሰራው የሻፍበርግ ተራራ ባቡር አለ። እዚያ ስትደርሱ ግን «ያካተተው ወደ ቦታው ማድረሱን ነው፤ መግቢያው የራሳችሁ» ይሏችኋል። የተራራ ባቡርና የማዕድን ትኬት ርካሽ አይደለም፤ ለቤተሰብ ሲደመር ያማል።

አንድ ነገር በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ ጨው ማዕድኑ የሚያወጣው በገመድ የሚጎተት ባቡር ትኬቱ አልተከፈለም። አስጎብኚው «የእግር ጉዞ አይደል የመጣነው?» ብሎ በእግር አስጀመረን። ሐይቁ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የላይኛው ጣቢያ ከዚያ ከ300 ሜትር በላይ ይወጣል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ብቻ ነው። አብረውን ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ያደረጉት ሸራ ጫማ ነው። ማስታወቂያው «ለሁሉም ዕድሜ፣ ቀላል» ብሏቸዋላ! መንገድ ላይ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸው ውሃ ታጠጣቸዋለች። አስጎብኚው ከፊት ሄዷል፤ ዞሮም አላየም።

ኦስትሪያ ውስጥ የተራራ መንገድ በቀለም ይለያል። ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። ሻጩን «የየቀኑ መንገድ ቀለሙ ምንድን ነው? ሽቅቡ ስንት ሜትር ነው?» በሉት። ርቀቱን ብቻ የሚነግር ሻጭ ምንም አልነገራችሁም። ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ ደግሞ ለቪዛ የተገዛው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ስላለበት ብቻ አትዘናጉ፤ የተራራ ነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ። ኦስትሪያ ውስጥ በመዝናኛ ላይ ለተጎዳ ሰው የሄሊኮፕተሩ ሂሳብ ለራሱ ሊመጣ ይችላል። የተራራ ነፍስ አድን ቁጥሩ 140 ነው፤ 112ም ይሰራል። ፓስፖርታቸውንም ይያዙ፤ ወደ ጀርመን ሲመለሱ ድንበር ላይ ፍተሻ አለ።

«ልዩ የባህል ጉዞ» ብለው ለብቻው ያስከፈሉን ደግሞ ማንም በነፃ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከሐልሽታት ተነስቶ የድሮውን የጨው ውሃ ቧንቧ የሚከተል መንገድ አለ። ቧንቧው በ1607 የተጠናቀቀ ነው፤ ከሐልሽታት እስከ ኤበንዜ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ብረት አልነበረም። ወደ 13,000 የሚጠጋ የዛፍ ግንድ መሐሉን ፈልፍለው፣ አንዱን ከሌላው እያጋጠሙ ነው የሠሩት። ተራራው ውስጥ ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ውሃው በግንዱ እየፈሰሰ እንጨት ወደሚበዛበት ይወርዳል፤ እዚያ እየተፈላ ጨው ይሆናል። እኛ አሞሌውን በግመል ጭነን ከአፋር እንዳወጣነው እነሱ በዛፍ ግንድ አፈሰሱት። ይህን ያህል ታሪክ ያለበት መንገድ ላይ አስጎብኚው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያነበብነው ከሰሌዳው ላይ ነው።

አሁን ዋናው፣ ገንዘቡ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ክፍያው ሁለት ቦታ ነው የተጠየቀው። ሆቴሉ ለአንድ ሂሳብ፣ «አስጎብኚና ትራንስፖርት» ለሌላ ሂሳብ። ደረሰኙም ሁለት ነው። ሲጠየቁ «ለግብር እንዲመች ነው» አሉ። እውነቱ ሌላ ይመስለኛል። በአውሮፓ ሕግ ማረፊያና ትራንስፖርት ወይም ሌላ የጉዞ አገልግሎት ተጣምሮ ሲሸጥ ጥቅል ጉዞ ይባላል፤ አዘጋጁም ቢከስር የደንበኛውን ገንዘብ የሚመልስ ዋስ ማስያዝ ግዴታው ነው። የዋስትናው ወረቀት በጀርመን «ዚሸሩንግስሻይን» ይባላል። ይህን ወረቀት ሳይሰጥ ቀብድ እንኳ መቀበል አይችልም። ሂሳቡን ለሁለት የሚከፍሉት «ጥቅል አልሸጥንም» ለማለት ነው። ግን ከአንድ ሻጭ በአንድ ጊዜ መርጣችሁ ከገዛችሁት ውሉ ሁለት ቢሆንም ሕጉ እንደ አንድ ጥቅል ያየዋል። «ለየብቻ ነው የሸጥንላችሁ» ቢሏችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በ2024 አይተናል። ኤፍቲአይ የሚባለው ትልቅ የጉዞ ድርጅት በሰኔ ወር ከሰረ። ጥቅል የገዙት ደንበኞች ገንዘባቸው ከጀርመኑ የጉዞ ዋስትና ፈንድ ተመለሰላቸው። ሆቴል ብቻ ወይም መኪና ብቻ የያዙት ግን ከፈንዱ ውጪ ቀሩ። ያን ያህል ግዙፍ ድርጅት ከወደቀ፣ በቴሌግራም ቁጥር ብቻ የሚታወቅ ሻጭ ነገ ለመኖሩ ምን መተማመኛ አላችሁ? ዚሸሩንግስሻይኑ ላይ ዋስ የሆነው ፈንድ፣ ኢንሹራንስ ወይም ባንክ ስም ይጻፋል። ደውላችሁ አረጋግጡ። አንድ ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ለትርፍ ሳይሆን አልፎ አልፎ ለአባላቱ ብቻ የሚያዘጋጀው ጉዞ በዚህ ግዴታ አይያዝም፤ ስለዚህ የሰንበት ተማሪዎችን ጉዞ ከዚህ ጋር አታምታቱ።

ቀብዱንም እዩት። የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 እንደወሰነው፣ ከ20 በመቶ በላይ ቀብድ የሚጠይቅ አዘጋጅ አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ቀሪውንም ከጉዞው 30 ቀን ቀደም ብሎ መጠየቅ አይችልም። ከእኛ ግማሹን ወዲያውኑ ተቀበሉ። በኋላም «ነዳጅ ጨመረ» ብለው ዋጋ ከፍ አደረጉ። ጭማሪ በውሉ ካልተጻፈ አይቻልም፤ ከ8 በመቶ ካለፈ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ጉዞው ሊጀመር ከ20 ቀን ያነሰ ሲቀረው ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። «ሰው አልሞላም» ብለው ሊሰርዙባችሁ ከሆነም፣ ከ6 ቀን በላይ ለሆነ ጉዞ ቢያንስ 20 ቀን ቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። ገንዘባችሁም በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

ጉዞ ላይ ሳላችሁ የተባለው ነገር ከጎደለ «ስመለስ እነግራቸዋለሁ» አትበሉ። እዚያው፣ ያኔውኑ፣ በጽሑፍ አሳውቁ። ቴሌግራም መልእክትም ይሁን፣ ብቻ ቀንና ሰዓት ያለው ይሁን። የክፍሉን ፎቶ፣ የከፈላችሁትን ትኬት ደረሰኝ ያዙ። ሳያሳውቅ ዝም ያለ ሰው ቅናሽ የመጠየቅ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ካሳወቃችሁ ግን ጉዞው ካለቀ በኋላ 2 ዓመት ጊዜ አላችሁ። በየከተማው ያለው ፈርብራውኸርጸንትራለ የሚባለው የሸማቾች ማማከሪያ ቢሮ በትንሽ ክፍያ ያማክራል። ሻጩ ያለው በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል በነፃ ይረዳል። ክፍያ ደግሞ በክሬዲት ካርድ ይሁን፤ በባንክ ያስተላለፋችሁትን ማስመለስ መከራ ነው።

ቦታውን ማየት ከፈለጋችሁ ያለ ሻጭም ይቻላል። ባቡር አለ። ኦበርትራውን የምትባለው መንደር እዚያው ሐይቅ ጫፍ ላይ ናት፤ ከሐልሽታት ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ትላለች። ከዚያ ተነስቶ በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ የሚሄደው መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ እናት አባትም ይሄዱበታል።

እኛ ደብዳቤ ጽፈናል። መልሳቸው «ለሚቀጥለው ጉዞ ቫውቸር እንስጣችሁ» የሚል ነው። ቫውቸር አንቀበልም፤ የምንጠይቀው ገንዘባችንን ነው። ይኸው ሻጭ አሁን ለመስከረም ጉዞ ቀብድ እየሰበሰበ ነው። ከፍላችሁ ከሆነ ቀሪውን እንዳትልኩ፤ ዛሬውኑ ዚሸሩንግስሻይኑን በጽሑፍ ጠይቁት።