በኢየሱስ ማመንን የሚያስተምር የኢንተርኔት ትምህርት፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

ስለ ክርስትና እምነት መሠረት የሚያስተምሩ የኢንተርኔት ትምህርቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚጀምሩት ከሥነ ፍጥረት ወይም ከመጽሐፍ ቅዱስ አከፋፈል ነው። እዚህ የምገመግመው ግን በቀጥታ ወደ አንድ ጥያቄ ይገባል፤ አንድ ሰው «በኢየሱስ አምናለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን ስምንት የቪዲዮ ክፍሎች፣ አንድ የጥናት ደብተርና ከየክፍሉ በኋላ በቪዲዮ ጥሪ የሚካሄድ የቡድን ውይይት አሉት። የታሰበው ክርስትናን ገና ለሚጠይቁ ሰዎች ነው፤ በተጨማሪም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደጉ ሆነው ስለ ምን እንደሚያምኑ ሲጠየቁ መልስ የሚያጥራቸውን ያካትታል። አዘጋጆቹን በስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የምነቅፈው ነገር በእነርሱ ትምህርት ብቻ የሚታይ አይደለምና።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርቱ ክርስቲያኖች የሚያምኑት ምን እንደ ሆነ በማስረዳት ረገድ በጣም ጥሩ ነው፤ ማመን ራሱ ምን እንደ ሆነ ለማሳየትም እስከ አራተኛው ክፍል ድረስ የሚሄድበት መንገድ ትክክለኛ ነው። በአምስተኛው ክፍል ላይ ግን እስከዚያ የገነባውን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ኢየሱስ ማን እንደ ሆነ ያስተምራሉ። መምህሩ የሚነሣው ሐዋርያው ጳውሎስ በ55 ዓመተ ምሕረት ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ሲሆን፣ በምዕራፍ 15 መጀመሪያ ላይ ጳውሎስ እርሱ ራሱ ከሌሎች የተቀበለውን ማስተላለፉን እንደሚናገር ያሳያል፤ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፣ ለኬፋና ለዐሥራ ሁለቱ፣ ከዚያም ከአምስት መቶ ለሚበልጡ ወንድሞች ታየ። ከዚህ ተነሥቶ በ325 በኒቅያ፣ በ381 ደግሞ በቁስጥንጥንያ የተደነገገው የሃይማኖት ጸሎት ለምን «በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን» የሚል ሐረግ እንደ ያዘ ይጠይቃል። መልሱም አጥጋቢ ነው፤ ክርስቲያን የሚያምነው በአንድ መልካም አስተሳሰብ ሳይሆን በታወቀ ዘመን፣ በታወቀ ገዥ ሥር በተፈጸመ ነገር ነውና እምነቱ ከታሪክ ሊነጠል አይችልም። ይህን ያህል ክብደት ያለው ነገር ሳይንዛዛና ሳይቀል መቅረቡ የአዘጋጆቹን ትጋት ያሳያል።

ሦስተኛው ክፍል እውነቱን ማወቅና እውነቱን መቀበል ገና ማመን እንዳልሆኑ የሚያሳይ ነው። የያዕቆብ መልእክት 2፥19 አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደ ሆነ እንደሚያምኑና እንደሚንቀጠቀጡ መናገሩን ብዙዎች ያነሡታል፤ ይህ ትምህርት ግን በዚያ አይቆምም። የዮሐንስን ወንጌል ይከፍትና እምብዛም የማይጠቀሱ ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ብዙ ሰዎች ያደረጋቸውን ምልክቶች አይተው በስሙ አመኑ፣ ኢየሱስ ግን አልተማመነባቸውም፤ በልባቸው ያለውን ያውቅ ነበርና። በምዕራፍ 12 ደግሞ ከአለቆች ብዙዎቹ አመኑበት፣ ነገር ግን ከምኵራብ እንዳይባረሩ ስለ ፈሩ አልመሰከሩለትም፤ ወንጌላዊውም ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ የሰውን ክብር ወደዱ ይላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ማንነት የያዙት ሐሳብ ስሕተት አልነበረም። የጎደላቸው ራሳቸውን ለእርሱ መስጠት ነበር፤ ትምህርቱም ይህን በግልጽ ይናገራል።

እዚሁ ክፍል ላይ ታዋቂው የወንበር ምሳሌ ይቀርባል፤ ወንበሩ እንደሚሸከምህ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መቀመጥ ግን ሌላ ነው የሚለው። ምሳሌው ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ወንበር ከተቀመጠበት ሰው ምንም አይጠይቅም፣ ኢየሱስ ግን «ተከተለኝ» ይላል። መምህሩ ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነሣው ኖሮ በኋላ የመጣው ችግር ምናልባት ባልተፈጠረ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው አራተኛው ክፍል ነው፤ ከስምንቱ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይምረጥ። ጠቅላላው ክፍል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ባለው በፊልጵስዩስ የወኅኒ ጠባቂ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ጠባቂው «እድን ዘንድ ምን ማድረግ ይገባኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጳውሎስና ሲላስም በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን ብለው ይመልሳሉ። ብዙ ሰባኪዎች እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋሉ። መምህሩ ግን ወደ ቀጣዮቹ ቁጥሮች ይሻገርና ዝግ ብሎ ያነባቸዋል፤ ሐዋርያቱ የጌታን ቃል ለእርሱና ለቤተ ሰዎቹ ሁሉ ይነግሯቸዋል፣ ጠባቂውም በዚያች ሌሊት በዚያው ሰዓት ወስዶ ቍስላቸውን ያጥባል፣ ወዲያው ከቤተ ሰዎቹ ጋር ይጠመቃል፣ ወደ ቤቱም አግብቶ ማዕድ ያቀርብላቸዋል። ከጥቂት ሰዓታት በፊት የእነዚህን ሰዎች እግር በግንድ ያጣበቀው ይኸው ሰው ነበር፤ በበትር ተመትተው ሲሰጡት ቍስላቸውን ለማየት እንኳ አልተጨነቀም። አሁን ውኃ ይዞ በፊታቸው ተንበርክኳል ብለን ብናስብ ከጽሑፉ ብዙም አንርቅም። እስረኞችን ማታ ወደ ቤቱ ማስገባት ለአንድ የሮም ወኅኒ ጠባቂ ቀላል ነገር እንዳልነበረም መገመት ይቻላል፤ ከደቂቃዎች በፊት እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዝዞ ነበርና። ማመን ማለት ይህ ነው ብሎ ትምህርቱ በቀጥታ አይናገርም፤ ተመልካቹ ራሱ እንዲያየው ይተወዋል። ይህን ዓይነት ትዕግሥት በእንዲህ ያሉ ትምህርቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ አምስተኛው ክፍል ይመጣል። ርእሱ ውሳኔን የሚመለከት ነው። መምህሩ ሮሜ 10፥9ን ያነባል፤ ኢየሱስ ጌታ እንደ ሆነ በአፍህ ብትመሰክር፣ እግዚአብሔርም ከሙታን እንዳስነሣው በልብህ ብታምን ትድናለህ። ወዲያው አምስት መስመር ያህል የሆነ ጸሎት በስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ተመልካቹም ከመምህሩ ጋር እንዲደግመው ይጋበዛል። ከጸሎቱ ሥር «አምኛለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። እርሱን የነካ ሰው የእንኳን ደስ ያለህ መልእክትና ከዛሬ ጀምሮ ድነቱን መጠራጠር እንደሌለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ቁልፉን ሳይነካ ያለፈው ደግሞ ስድስተኛውን ክፍል ሲከፍት ያው ጥያቄ እንደገና ይቀርብለታል።

ጸሎት መጸለዩን አልቃወምም፤ ሰው በገዛ አንደበቱ ወደ እግዚአብሔር መጮኹ የእምነት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። የምቃወመው ሦስተኛው ክፍል በጥንቃቄ የለየውን ነገር አምስተኛው ክፍል መልሶ ማደባለቁን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያሉት ሰዎች ቁልፉ ቢቀርብላቸው ያለ ማመንታት ይነኩት ነበር። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሐዋርያት የተዘጋጀ ጸሎት አስደግመው ሰውን አማኝ ነህ ያሉበት ታሪክ የለም፤ በበዓለ ኀምሳ ዕለት ጴጥሮስ ንስሐ ግቡ፣ ተጠመቁ ነው ያለው፤ የሰሙትም በሐዋርያት ትምህርትና በኅብረት፣ እንጀራውንም በመቍረስና በጸሎት ይተጉ እንደ ነበር ይኸው ምዕራፍ ይመሰክራል።

የሮሜ 10፥9 ቃል ራሱም በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም። በ112 ዓመተ ምሕረት ገደማ የቢታንያና የጶንጦስ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራያን በጻፈው ደብዳቤ የተከሰሱትን ሰዎች እንዴት እንደሚመረምር ያስረዳል፤ ለአማልክት እንዲጸልዩ፣ በንጉሡ ምስል ፊት ዕጣንና ወይን እንዲያቀርቡ፣ ክርስቶስንም እንዲሰድቡ ያዝዛቸዋል፤ እውነተኛ ክርስቲያኖች ከእነዚህ አንዱንም እንዲያደርጉ ማስገደድ እንደማይቻል መስማቱንም ይጨምራል። ክርስትናን የማይወድ አንድ ባለ ሥልጣን ማመን ምን እንደ ሆነ ከዚህ የትምህርት ክፍል በተሻለ ተረድቶታል ማለት ይቻላል። ኢየሱስን ጌታ ማለት ሌላው ሁሉ ጌታ እንዳልሆነ መናገር ነበር። ኢየሱስ ራሱ በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር መምከሩ በትምህርቱ ውስጥ አንድም ጊዜ አለመነሣቱ ያስገርማል።

ስድስተኛው ክፍል እምነትንና ሥራን ይመለከታል፤ በጥሩ ሁኔታ ተዘጋጅቷል። ጳውሎስና ያዕቆብ ሁለቱም የዘፍጥረት 15፥6ን ቃል እንደሚጠቅሱ፣ ጳውሎስ ሥራን እንደ ደመወዝ መጠየቂያ የሚያቀርበውን ሰው፣ ያዕቆብ ደግሞ እምነቴ በቂ ነው እያለ የተራበውን «በደኅና ሂድ» ብሎ የሚያሰናብተውን ሰው እንደሚናገሩ ያስረዳል። ኤፌሶን 2 ላይ በጸጋ በእምነት ድናችኋል የሚለው ቃል ሳይቋረጥ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ወደሚለው እንደሚደርስ ማሳየቱም ተገቢ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በጥቅምት 31 ቀን 1999 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአውግስቡርግ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ መፈረማቸውን ይጠቅሳል፤ ለዘመናት የተካረረውን ክርክር ለማያውቅ ሰው ይህ መረጃ ብዙ ነገር ያስተካክላል። አምስተኛውን ክፍል ያዘጋጀው ሰው ይህን ክፍል ያላየው ይመስላል።

ስለ ጥርጣሬ የሚናገረው ሰባተኛው ክፍል ከሁሉ አጭሩ ነው፤ በጣም የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ወደዚህ ዓይነት ትምህርት የሚመጡ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚጠይቁት ስለዚህ ነውና። ቪዲዮው ጥርጣሬን ከሰይጣን የሚመጣ ፈተና አድርጎ ካቀረበ በኋላ ቃሉን አብዝቶ ማንበብን መክሮ ያልፋል። ክፍተቱን የሞላው የቡድን ውይይቱ ነው። በእኔ ቡድን ውስጥ አንድ ወጣት «ቁልፉን ነክቻለሁ፤ ነገር ግን ምንም የተለወጠ ነገር አይሰማኝም፤ አላመንኩም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። አወያይዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ የተዘጋጀውን መመሪያ ወደ ጎን አድርገው «ልጄ፣ ማርቆስ ምዕራፍ 9ን አብረን እናንብብ» አሉት። ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ኢየሱስ መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ቀጥለውም ስምዖን ጴጥሮስ በዮሐንስ ምዕራፍ 6 ብዙ ደቀ መዛሙርት ወደ ኋላ ሲመለሱ የተናገረውን አነበቡለት፤ «ጌታ ሆይ፣ ወደ ማን እንሄዳለን?» ጴጥሮስ ሁሉ ነገር ገብቶኛል አላለም፤ የሚሄድበት ሌላ እንደሌለው ግን አውቋል። ወጣቱ «እንግዲያው የሚሰማኝን ሳይሆን የያዝኩትን ልመልከት ማለትዎ ነው?» አላቸው፤ እርሳቸውም «የያዘህንም ጨምር» ብለው መለሱለት። ይህ ውይይት ከቪዲዮው ሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን የአወያይዋ እንጂ የትምህርቱ ሥራ አልነበረም፤ ሌላ አወያይ የደረሰው ቡድን መመሪያውን ብቻ ሰምቶ ሊለያይ ይችላል።

ስምንተኛው ክፍል ስለ ቤተ ክርስቲያን ኑሮ በጥድፊያ የተሠራ ነው። ጥምቀትንና ቅዱስ ቍርባንን «ከየቤተ ክርስቲያናችሁ ጠይቁ» ብሎ አልፏቸዋል። አዘጋጆቹ ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ለሚመጡ ሰዎች ማስተማር መፈለጋቸው ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ የፊልጵስዩሱን ጠባቂ ጥምቀት ያን ያህል አስውቦ ያቀረበ ትምህርት በመጨረሻው ዝም ማለቱ አይመጥነውም። ልዩነቶቹን በሐቀኝነት መዘርዘር ከዝምታው የተሻለ አንድነት ይፈጥር ነበር።

የጥናት ደብተሩ በጥሩ ቋንቋ ተጽፏል፤ የጥቅሶቹ ማጣቀሻም ትክክል ነው። ጥያቄዎቹ ግን በአብዛኛው ምርጫና እውነት ሐሰት ናቸው። «ኢየሱስ ከሙታን ተነሥቷል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ለሚለው ጥያቄ አጋንንቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ከአራተኛው ክፍል በኋላ የቀረበው ብቸኛ የጽሑፍ ጥያቄ፣ ማለትም ይቅር ያላልከው ሰው አለ ወይ የሚለው፣ ምን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ እንደሚችሉ ያሳያል፤ እንዲህ ያለው ቢበዛ ኖሮ ደብተሩ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። የድምፁ ጥራት ጥሩ ነው፤ የስክሪኑ ጽሑፍ በስልክ ላይ ትንሽ ይደቅቃል።

በአጠቃላይ ትምህርቱን ለሚጠይቀኝ ሰው እንዲወስደው እነግረዋለሁ፤ ብቻውን ቪዲዮ ከማየት ይልቅ ግን ቡድን ውስጥ ቢመዘገብ ይሻለዋል። ክፍሎቹ በቅደም ተከተል እንዲታዩ አስገዳጅ ስላልሆነ፣ ከአራተኛው በቀጥታ ወደ ስድስተኛው ተሻግሮ አምስተኛውን ከሰባተኛው በኋላ ማየት ይቻላል። የቁልፉ ጥያቄ በመካከል ብቅ ቢልም መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ይፈቅዳል።