አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሠራሁበት የምርት ማቀጃ ሶፍትዌር

የምሠራበት ፋብሪካ የምርት ዕቅዱን በኤክሴል ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ትቶ የጥሬ ዕቃ ፍላጎትን ወደሚያሰላ ሶፍትዌር ከተሸጋገረ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሻጮቹ ባቀረቡት ማሳያ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር፤ እኔ የምገመግመው ግን በሽያጭ፣ በግዢና በምርት ክፍሎች መካከል ቆሞ በየማለዳው እንደሚከፍተው ዕቅድ አውጪ ሆኜ ነው።

በስሌት ረገድ የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። 400 ወንበር ሲታዘዝ፣ እያንዳንዱ አራት እግር ስላለው 1,600 እግር እንደሚያስፈልግ፣ በመጋዘን ያለው 350 እና ከአቅራቢ የሚጠበቀው 600 ሲቀነስ የሚጎድለው 650 መሆኑን፣ አቅራቢው ለማድረስ ሦስት ሳምንት የሚወስድበት ከሆነም ግዢው ያን ያህል ቀደም ብሎ መታዘዝ እንዳለበት በቅጽበት ያሳያል። ቀድሞ ይህ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። በእርግጥ ስሌቱ ከመጋዘኑ መዝገብ የተሻለ ሊሆን አይችልም፤ በመጀመሪያው ወር በመዝገብ የሰፈሩ ብሎኖች መደርደሪያው ላይ ባለመገኘታቸው የመገጣጠሚያው መስመር አንድ ሙሉ ፈረቃ ቆሟል፤ ጥፋቱን በሶፍትዌሩ ማላከክ ግን አልችልም።

ትልቁ ድክመቱ የማሽንን አቅም አለማወቁ ነው። ጉድለቱ አዲስ አይደለም፤ እነጆሴፍ ኦርሊኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፉት ይህ የስሌት ዘዴ ራሱ ፋብሪካው ወሰን የሌለው አቅም እንዳለው ይቆጥራል። በሁለት ፈረቃ 16 ሰዓት ብቻ በሚሠራ የፕላስቲክ መቅረጫ ማሽን ላይ የ22 ሰዓት ሥራ ሲጭን አንዲት ማስጠንቀቂያ አልሰጠኝም። ትዕዛዞችን በማስረከቢያ ቀናቸው ብቻ ስለሚደረድርም ከጥቁር ፕላስቲክ ቀጥሎ ነጭ ያመጣል፤ ከጥቁር ወደ ነጭ መመለስ ግን ለጽዳት ብዙ ጊዜና ጥሬ ዕቃ እንደሚያባክን ማሽኑ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ተሰናበትኩት ያልኩትን ኤክሴል ለቅደም ተከተል ሥራ አሁንም እከፍተዋለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት የቅርቡን ሁለት ሳምንት ዕቅድ የሚቆልፈውን አሠራር ነው። ትዕዛዝ ማስቀደም የፈለገ ሰው የማን ትዕዛዝ ወደኋላ እንደሚገፋ አይቶ ኃላፊ ማስፈቀድ ስላለበት፣ “ይህቺን ብቻ አስገባልኝ” የሚለው የስልክ ልመና እጅግ ቀንሷል።

ለመግዛት የሚያስብ ፋብሪካ በማሳያው ቀን ከአቅሙ በላይ የሆነበትን የራሱን የአንድ ሳምንት ትዕዛዝ ይዞ ይቅረብና ሻጩ በዚያ ላይ እንዲሠራ ይጠይቅ፤ አቅምን የሚያገናዝበው ክፍል ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን እኛ የሰማነው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነበር።