ለጸደይ ወንዝ፦ ባለ 4፣ ባለ 5 ወይስ ባለ 6 ዘንግ?

ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ፣ ለማጥመድ የትኛው ዘንግ ይገዛ? በጸደይ አንድ ወንዝ በአንድ ቀን ሁለት ጠባይ አለው። ጠዋት ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ትራውት ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ቀትር አካባቢ ነፍሳት ከውሃው ሲወጡ እሱም ተከትሏቸው ወደ ላይ ይመጣል። የሚገዛው ዕቃ እንግዲህ ጠዋት ከባድ ሰማጭ ዝንብ፣ ከሰዓት ቀላል ተንሳፋፊ ዝንብ መወርወር ይኖርበታል።

የዘንጉ ቁጥር የሚናገረው ዘንጉ ስለሚወረውረው ክር እንጂ ስለ ራሱ ክብደት አይደለም። የባለ 5 ክር የፊተኛው 9 ሜትር ወደ 9 ግራም ይመዝናል፤ የባለ 6 ከ10 ግራም ጥቂት ያልፋል። ባለ 4 ለጠባብ ጅረትና ነፋስ ለሌለበት ቀን ግሩም ነው። ክብደት ያለው ዝንብ ሲታሰርበት ግን ክሩ አየር ላይ ይልፈሰፈስና ዝንቡ ዘንጉን ይመታል። የካርቦን ዘንግ ወዲያው ላይሰበር ይችላል፤ ስንጥቁ ተደብቆ ይቆይና ትልቅ ዓሣ በያዘበት ቀን ቀጭ ይላል። ባለ 6 ነፋስም ሙላትም አይበግረውም፤ ችግሩ ትንሿን ዝንብ ውሃው ላይ ጧ አድርጎ ማሳረፉ ነው። አንድ ብቻ ለሚገዛ ባለ 5 ይሻላል። ከእጀታው በላይ «905-4» የሚል ጽሑፍ ካለ 9 ጫማ (2.74 ሜትር) ርዝመት፣ ባለ 5፣ ወደ አራት ክፍል የሚፈታ ማለት ነው።

ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር) ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ለዚህ መጠን ዓሣ ሥራው ክር መያዝ ነው። የተረፈው ለክሩ ይዋል። ፊቱ የከበደው ክር (WF) በነፋስ ርቆ ይሄዳል፣ ለጀማሪም ይቀላል። ሁለቱም ጫፉ የሚቀጥነው (DT) ለስላሳ ያርፋል፣ አንዱ ጫፍ ሲያልቅ ተገልብጦ ይታሰራል። ለጸደይ ነፋስ የመጀመሪያው ይመረጣል። ዲኢኢቲ (DEET) የተባለ ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ የነካው እጅ ክሩን መንካት የለበትም፤ ሽፋኑን ያበላሸዋል።

ለጫፍ ክር፣ ማለትም ዝንቡ ለሚታሰርበት ቀጭን ክር፣ ናይለንም ፍሎሮካርቦንም (ሁለቱም የፕላስቲክ ዓይነት ናቸው) ይያዝ። ናይለን ለተንሳፋፊ፣ ከውሃ ይበልጥ የሚከብደው ፍሎሮካርቦን ለሰማጭ። ለ12 ቁጥር መንጠቆ 4ኤክስ የሚባለው ውፍረት (0.18 ሚሊ ሜትር)፣ ለ16 ቁጥር 5ኤክስ (0.15 ሚሊ ሜትር) ይስማማል። ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ካልራሰ በሰበቃው ሙቀት ይዳከማል፤ «ክሩ ረካሽ ነው» ተብሎ የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ውሃ የማያስገባው ሱሪ ኒዮፕሪን (ወፍራም የስፖንጅ ጎማ) ከሆነ ቆሞ ለሚያጠምድ ይሞቃል፣ ለሚራመድ ግን በላብ ያጠምቃል። ላብ የሚያስወጣው ስስ ዓይነት፣ ከውስጥ የሱፍ ልብስ ተለብሶበት፣ ለሁለቱም ይሆናል። ጥጥ አይለበስ፤ ከራሰ አይደርቅም። ጫማው ወፍራም ካልሲ ተለብሶ ይለካ፤ የተጣበቀ ጫማ ደም አያዘዋውርም፣ እግር ይደነዝዛል። የፌልት (የተጠቀጠቀ ጭረት ጨርቅ) ሶል አልጌ የሸፈነው አረንጓዴ ድንጋይ ላይ ጥሩ ይቆነጥጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለማይደርቅ አልጌ ከወንዝ ወንዝ ያዛምታል፣ ኒውዚላንድን የመሰሉ አገሮችም ከልክለውታል። ምስማር ያለው የጎማ ሶል ጭቃው ላይም ይሠራል።

የወገብ ቀበቶው ሱሪውን ለመያዝ ብቻ አይምሰል። ሰው ሲወድቅ ውሃ ወደ እግር እንዳይሞላ የሚያግደው እሱ ነው፤ ከሱሪው ጋር ካልመጣ ለብቻው ይገዛ።