ቢራቢሮ ያለበት ካኖላ ወይስ ተራ የሱፍ ዘይት?

አሜሪካ ያለ አበሻ ሁሉ ይጠይቃል፦ ከጂኤምኦ (ዘረመሉ በቤተ ሙከራ ከተለወጠ ሰብል) ነፃ የሆነው ዘይት የቱ ነው? ተራው የሱፍ ዘይት ነው። ቢራቢሮ፣ ማለትም «ኖን ጂኤምኦ ፕሮጀክት» የተባለው ድርጅት ምልክት፣ ለተለጠፈበት ካኖላ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

«ቬጅቴብል ኦይል» የተባለው ጠርሙስ ጀርባው ሲነበብ አብዛኛውን ጊዜ አኩሪ አተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚዘራው አኩሪ አተርም ሆነ በቆሎ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዘረመሉ የተለወጠ ነው፤ ካኖላም ያው ነው። ጠርሙሱ ላይ ግን «ባዮኢንጂነርድ» (ዘረመሉ የተለወጠ) የሚል ብዙ ጊዜ አታገኙም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የዚህ ምልክት ደንብ ሲወጣ፣ በምርመራ የተለወጠ ዘረመል የማይገኝበትን ምግብ ነፃ አድርጎታል፤ ዘይትና ስኳር ደግሞ ሲጣሩ ዘረመሉ አይቀርባቸውም። ስለዚህ ዘይት ላይ ምልክት ማጣት ምንም አይነግራችሁም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ግን ዘይቱም ላይ መጻፍ አለበት።

ሰንፍላወርና ሳፍላወር፣ አገር ቤት ሁለቱንም ሱፍ የምንላቸው፣ ዘረመሉ ተለውጦ በተራ የምግብ ዘይትነት ገበያ የገባ ዓይነት የላቸውም። ሰሊጥ፣ ወይራና ኦቾሎኒም እንዲሁ። ለቁሌት «ሃይ ኦሌይክ» የሚለውን ሱፍ ውሰዱ፤ ረጅም እሳት ይችላል።

ዋጋውን በጠርሙስ አትገምቱ። መደርደሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት የአንድ አውንስ ዋጋ ትናገራለች። ለምሳሌ 48 አውንሱ 10 ዶላር ከሆነ አውንሱ 21 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ጋሎኑ (128 አውንስ) 20 ዶላር ከሆነ 16 ሳንቲም ገደማ። ግን ጋሎን ከፍቶ ምድጃ አጠገብ ማቆየት ዘይቱን ያሻግተዋል፤ ለሳምንት የሚበቃውን ቀንሱና የቀረውን ጨለማ ቦታ አኑሩ።

ትልቁ ማታለያ ፊቱ ላይ የወይራ ዝንጣፊ የተሳለበት ድብልቅ ነው። ጀርባውን ገልብጡ፤ መጀመሪያ የተጻፈው ካኖላ ወይም አኩሪ አተር ከሆነ ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው። የወይራ ዋጋ አትክፈሉበት።

ለምልክት መክፈል የሚያዋጣው በቅቤ፣ በእንቁላል፣ በቶፉና በበቆሎ ዱቄት ነው። የተለወጠ በቆሎ የበላች ላም ቅቤ ላይ ምንም አይጻፍም፤ ለንጥር ቅቤ ኦርጋኒክ ካላችሁ መኖውም ኦርጋኒክ መሆን ግዴታው ነው። ቢራቢሮና ኦርጋኒክ ዋጋቸው ከተቀራረበ ኦርጋኒኩን አንሱ፤ ጂኤምኦን መከልከሉ ሳይቀር የመድኃኒት ርጭቱንም ይገድባል። ጨው ላይ የተለጠፈ ቢራቢሮ ግን ከንቱ ወጪ ነው፤ ጨው ዘረመል የለውም።

ስኳር ላይ «ኬን» የሚል ቃል ፈልጉ። «ሹገር» ብቻ ከሆነ ከሹገር ቢት ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ ሹገር ቢት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተለወጠ ነው።

እንጀራ ስትገዙ ጤፉ አያሳስባችሁ፤ የተለወጠ ጤፍ ገበያ ላይ የለም። ጋጋሪዋን «በቆሎ ገብቶበታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ አምራች በዚያው ደንብ ምልክት የመለጠፍ ግዴታ ስለሌለበት ከረጢቱን አይታችሁ አታውቁትም። ቤኪንግ ፓውደር ትጨምሪያለሽ ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ አብዛኛው የበቆሎ ስታርች አለበት።